መሬት ለመሬት የሚሄደው ድምፅ፦ የገጽ ሞገድ ታሪክና የወላይታ ሸለቆዎች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹን የወሰደው የመጀመሪያው ናዳ አልነበረም። የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በእጅም በአካፋም ሲረባረቡ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሐምሌ 29 ቀን፣ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ መሬት ተንሸራቶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር ስለ ማስጠንቀቂያ ይወራል። ሳተላይት ይነሳል፣ የስልክ መልእክት ይነሳል፣ መተግበሪያ ይነሳል። ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ቀላልና ምድራዊ ነው፦ ዝናብ እየወረደ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የስልኩ ማማ ሥራ አቁሞ ሳለ ከተራራው ጀርባ ያለው ሸለቆ በምን ይሰማል? ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጻፉት ሰዎች ወላይታን አያውቁም፣ ስለ ናዳም አያስቡም ነበር። እነሱን ያስጨነቃቸው ሞገድ በሁለት ነገሮች ድንበር ላይ፣ ለምሳሌ በአየርና በመሬት መካከል፣ ድንበሩን ይዞ መጓዝ ይችላል ወይ የሚለው ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመናዊው አርኖልድ ሶመርፌልድ አንድ ነጠላ የብረት ሽቦ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ይዞ መምራት እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። ነገሩ ለዚያን ጊዜ ሰው እንግዳ ነበር። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክን በቧንቧ ውስጥ እንደሚሄድ ውኃ አድርጎ ነበርና የሚያስበው፣ ሶመርፌልድ ግን ጉልበቱ የሚሄደው በሽቦው ሆድ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ ነው አለ። ሽቦው መሪ ብቻ ነው፤ ሞገዱ የብረቱን ቆዳ እየዳሰሰ ይከተለዋል። (ይህ ሶመርፌልድ በኋላ የሃይዘንበርግ፣ የፓውሊና የቤቴ መምህር የሆነው ሰው ነው። ተማሪዎቹ የኖቤል ሽልማት ሲወስዱ እሱ በተደጋጋሚ ታጭቶ ሳያገኝ ሞተ።)

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያም ሽቦ እየዘረጋች ነበር። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦና ተሸንፈው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባች ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈዋል። ቴሌግራፍና ስልክ ለማዕከላዊው መንግሥት የአገዛዝ መሣሪያ ሆኑ። በአንዱ ጫፍ አዲስ አበባ፣ በሌላው ጫፍ ሹሙ። በመካከል ያለው ገበሬ ምሰሶው በማሳው ላይ ቢተከልም በሽቦው ላይ የሚያልፈውን አይሰማም። በሽቦ የሚመራ ሞገድ የሚደርሰው ሽቦው እስከደረሰበት ብቻ ነው፣ ሽቦው ደግሞ የሚደርሰው መንግሥት እስከፈለገበት ነው።

ከዚያ ማርኮኒ መጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1901 ከእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከፖልዱ የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ መሰማቱን አስታወቀ። ሳይንሱ ግራ ተጋባ። ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ክብ የሆነችውን ምድር እንዴት ዞረ? ሁለት ዓይነት መልስ ቀረበ። በ1902 አሜሪካዊው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ ሰማይ ላይ ሞገድን የሚመልስ ንብርብር አለ አሉ። በ1907 ደግሞ ጀርመናዊው ዮናታን ዜኔክ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። የሶመርፌልድን ሽቦ ዘርግቶ ጠፍጣፋ ሜዳ አደረገውና የአየርና የመሬት ድንበር ራሱ ሞገድን መምራት እንደሚችል ጻፈ። እንዲህ ከሆነ ዓለም ሁሉ አንድ ትልቅ ሽቦ ነው ማለት ነው። ማንም ምሰሶ መትከል አያስፈልገውም።

ሶመርፌልድ በ1909 ነገሩን በሙሉ ሒሳቡ ሠራውና ከአንቴና የሚወጣውን ሞገድ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ በአየር የሚበተን፣ ሌላው የምድርን ገጽ የሚከተል። የማርኮኒን ምሥጢር የሚፈታው ሁለተኛው ነው ብሎም አመነ። በዚህ ተሳሳተ። በ1924 እንግሊዛዊው አፕልተን ከሰማይ የሚመለሰውን ሞገድ በሙከራ ለክቶ አረጋገጠ፤ ውቅያኖስ የሚያሻግረው ሰማዩ ነው። በ1935 ደግሞ አሜሪካዊው ኬኔት ኖርተን በሶመርፌልድ ሒሳብ ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተዛብቷል ብሎ ጻፈ። የምልክቱ ክርክር ትውልድ ተሻገረ፤ በ2004 እንኳ ሮበርት ኮሊን የተባለ የአንቴና ሊቅ የ1909ኙ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ጭራሽ አልነበረም ብሎ ተሟግቷል። በ1937 ቤሮውዝ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ኒውዮርክ ውስጥ በሴኔካ ሐይቅ ላይ ማሰራጫ ይዞ ወጥቶ ለካ። ዜኔክ ያለው ኃይለኛ ሞገድ አልተገኘም፤ የተገኘው ኖርተን የተነበየው ደከም ያለው የምድር ሞገድ ነበር።

ደከም ያለ ይሁን እንጂ እውነተኛ ነው። አካሄዱም ከነጭራሹ የተለየ ነው። ቀጥ ያለ የሬዲዮ ማማ በዙሪያው ያለውን መሬት ኤሌክትሪክ ያስገባበታል። ሞገዱ ወደ ፊት ሲሄድ እግሩ መሬት ውስጥ፣ ራሱ አየር ላይ ሆኖ ይሄዳል። መሬቱ እግሩን ትንሽ ስለሚጎትተው ሞገዱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ገበሬ ወደ ዳገት ሲወጣ ጎንበስ እንደሚለው። በዚህ ማዘንበል ምክንያት የምድርን ጉብታ ተከትሎ ይጎብጣል። መሬቱ ግን ይህን መንገድ በነፃ አይሰጥም። እንደ ድሮው ኬላ በየርቀቱ ቀረጥ ይቀበላል፤ የሚቀበለውም በሙቀት መልክ ከሞገዱ ጉልበት ነው።

የቀረጡ መጠን በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው የመሬቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ነው። የባሕር ውኃ ከደረቅ አለታማ መሬት ከሺህ እጥፍ በላይ የተሻለ ያስተላልፋል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ባሕር ላይ ከመድከሙ በፊት በጣም ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ በመካከለኛ ደረቅ መሬት ላይ ግን ቀረጡ መክበድ የሚጀምረው ገና 5 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ነው። (የባሕር በር ጥያቄ በሬዲዮም በኩል አለ ማለት ነው፤ ወደብ ያለው አገር ሞገዱን በውኃ ላይ በርካሽ ይልካል።) ሁለተኛው የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ነው። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን መሬቱ የሚጠይቀው በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኤፍኤም የሚሠራበት ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ሞገድ በመሬት ላይ ቢሄድ ብዙ ሳይርቅ ተበልቶ ያልቃል። ኤፍኤም ማማው የሚታይበት ቦታ ድረስ ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው። መካከለኛ ሞገድ፣ በተለምዶ ኤኤም የሚባለው፣ ርዝመቱ 300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ኮረብታ ሲገጥመው ዞሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው የኤፍኤም ሞገድ እዚያው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጥላ ጥሎ ይቀራል።

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። የአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ፣ አንሳልዶ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ ተመረቀ። ጣሊያን ራሱ ሊወር በሚዘጋጅበት ዓመት ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሰሞን በዚህ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። ድምፃቸው ኒውዮርክ የደረሰው በአጭር ሞገድ፣ ከሰማይ እየነጠረ ነው። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሰማይ የሚጠቀመው ሞገድ ሩቁን ቅርብ፣ ቅርቡን ሩቅ ያደርጋል። ወደ ላይ ወጥቶ የሚወርድበት ቦታና ማማው መካከል የሚዘለል ምድር አለ። ለኒውዮርክ የታለመ ሞገድ ወላይታን በላይዋ አልፏት ይሄዳል።

ከጣሊያን በኋላም የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የሰማይ ሞገድ ታሪክ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው "የወንጌል ብሥራት ድምፅ" ሥራ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኘው ጌጃ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ የታለሙትም ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ ነበር። መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የጌጃ ማሰራጫዎች ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሆኑ። አንድ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ሬዲዮ ጣቢያውን ቀድሞ መያዙ በ1967ም በ1983ም የታየ ነው። ያ የሚሆነው ቤተ መንግሥቱን ከያዘ ሠራዊት ይልቅ ማሰራጫውን የያዘ ሠራዊት ለገጠሩ ስለሚታወቅ ነው።

ሶዶ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 265 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ይህ ርቀት ለመካከለኛ ሞገድ አስቸጋሪ ነው። ቀን ቀን የሰማዩ የታችኛው ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ስለሚውጠው የሚቀረው የምድር ሞገድ ብቻ ነው፤ እሱም የጉራጌን ተራሮችና የስምጥ ሸለቆውን ደረቅ አለት ተሻግሮ ሲደርስ ቀረጡን ከፍሎ ጨርሷል። ማታ ንብርብሩ ይጠፋና ከሩቅ ያሉ የዐረብ አገር ጣቢያዎች ሁሉ ከሰማይ ይወርዳሉ። በደቡብ ገጠር ያደገ የ50 ዓመት ሰው ይህን በልቡ ያውቃል፤ ምክንያቱን ሳይነግሩት ባትሪ ድንጋዩን ለማታ ይቆጥባል። ስለዚህ የአገሪቱ ሬዲዮ ማማውን ወደ ሕዝቡ መውሰድ ነበረበት። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ውጭ በሐረር፣ በመቱና በአርባ ምንጭ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ኖሩት። አርባ ምንጭ ከሶዶ ወደ 95 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ በመካከልም የአባያ ሐይቅና ዳርቻው አለ። ቤሮውዝ በሴኔካ ሐይቅ የለካውን ዓይነት ጉዞ ሞገዱ እዚህ በየቀኑ ያደርገው ነበር።

ማሰራጫው መኖሩ ግን ግማሹ ነገር ነው። ሌላው ግማሽ በምን ቋንቋ ይናገራል የሚለው ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ሲጀምር ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ ኋላ ቋንቋዎቹ 15 ደረሱ፣ ዘመቻውም በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ደርግ ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለው፤ በዚህ ግን ከቀደሙት ይሻላል። ገበሬው ወላይትኛውን በፊደል አይቶ ያነበበው ያኔ ነው። ከዚያ የመጣው አስተዳደር ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አቀላቅሎ "ወጋጎዳ" የሚል መማሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ ሶዶ በተቃውሞ ታመሰች፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉም ቀረ። ይህ ከሞገድ ጋር የሚገናኘው ሰው በአደጋ ሰዓት የሚታዘዘው በአፉ በሚያውቀው ቋንቋ ስለሆነ ነው። ለጎፋ በወላይትኛ፣ ለወላይታ በአማርኛ "ከገደሉ ሥር ውጡ" ማለት ግማሽ ማስጠንቀቂያ ነው። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፤ ግን መቀራረብ አንድ መሆን አይደለም፣ ያን በ1992 የሶዶ ተማሪዎች አስረድተዋል።

ከዚያ ኤፍኤም መጣ። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1990ዎቹ፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የአድማጭ ጆሮ ተለወጠ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማሰራጫው ርካሽ ነው፣ ብዙ ስልኮች ይይዙታል። ክልሎችና ዞኖችም ተከተሉ። ኤፍኤምን መውቀስ አይገባም፤ ለከተማ የተሠራ ነገር ነውና ለከተማ ጥሩ ሠርቷል። ስህተቱ ኤፍኤም ሲመጣ መካከለኛ ሞገድ "አሮጌ" ተብሎ እንደ ታይፕራይተር መታየቱ ነው። ሁለቱ የተለያየ መንገድ የሚሄዱ ሁለት ሞገዶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አስፋልት ተሠራ ተብሎ በቅሎ የሚሄድበት የዳገት መንገድ አይዘጋም።

በወላይታ ይህ በዓይን ይታያል። ዳሞታ ከሶዶ በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል፤ ጫፉ ላይ የተተከለ የኤፍኤም አንቴና ሜዳውን ሩቅ ያያል። ቦዲቲ፣ አረካና ሁምቦ ደህና ይሰማሉ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኪንዶ ዲዳዬና ኪንዶ ኮይሻ ሸንተረርና ገደል የተፈራረቁባቸው ናቸው። ናዳ የሚወርደውም እዚያው ነው፤ ኤፍኤም የማይደርሰውም እዚያው ነው። ይህ ግጥምጥሞሽ አይደለም። መሬቱን የሚያንሸራትተው ቁልቁለት ሞገዱንም የሚጋርደው ቁልቁለት ነው። አደጋው ባለበት ቦታ ድምፁ የሚጠፋው በአንድ ምክንያት ነው።

ለአንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፣ በየቴሌግራሙ የሚዞረውን ማለት ነው። ኒኮላ ቴስላ በኒውዮርክ ዋርደንክሊፍ ማማ ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤሌክትሪክን ያለ ሽቦ በምድር በኩል ለዓለም ሊያድል ሞከረ፤ ገንዘብ አጥቶ ማማው በ1917 ፈረሰ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ በቴክሳስ ሚልፎርድ በምትባል ቦታ የዜኔክን ሞገድ እንጠቀማለን ያለ ኩባንያ ትልቅ ማማ አቁሞ ነበር። ነፃ መብራት በዜኔክ ሞገድ የሚል ልጥፍ ሲያዩ የቤሮውዝን ሐይቅ ያስታውሱ። የምድር ሞገድ ዜና ያደርሳል። እንጀራ የሚጋግር መብራት ግን አያደርስም፤ ከማማው የሚወጣው 100 ኪሎ ዋት በሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ ላይ ተበትኖ ተቀባዩ የሚያገኘው ከብናኝ ያነሰ ነው። ለጆሮ ግን ብናኙ ይበቃል።

የድንበር ላይ ሞገዶች ሌላም ዘር አላቸው። በ1902 ሮበርት ዉድ የብርሃን ጨረር ብረት ላይ በተቀረጸ መስመር ሲያርፍ ያልጠበቀውን ጥቁር ሰረዝ አየ፤ ምክንያቱ የገጽ ሞገድ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። በ1968 ኦቶና ክሬችማን በብረት ገጽ ላይ ይህን ሞገድ በፈለጉት ጊዜ የሚፈጥሩበትን መንገድ አወጡ፤ ዛሬ በዚያ መንገድ በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ይለካል። ሶመርፌልድ በሽቦ ያየው ነገር ታናሽ ወንድም ነው። በ1999 ዓ.ም. ለተከፈተው ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ይህ ጥሩ ርዕስ ነው፤ ለኪንዶ ዲዳዬ ግን ገና ሩቅ ነው።

በመካከለኛ ሞገድ ላይ የሚነሱ ትክክለኛ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ስልክ ነው፤ ብዙ የዛሬ ስልኮች ኤፍኤም ቢይዙም መካከለኛ ሞገድ አይይዙም፣ አንቴናው በስልኩ ውስጥ አይበቃምና። ወጣቱ ይህን ሞገድ በጆሮው አያውቀውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው መብረቅ ነው። ክረምት ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር ሬዲዮው ይንጣጣል፣ ናዳ የሚፈራውም በዚያው ሰዓት ነው። ሦስተኛው መኪና ነው። ኤሌክትሪክ መኪናዎች ኤኤምን ይረብሻሉ። አንዳንድ አምራቾች ኤኤሙን ከመኪናው አውጥተውት የአሜሪካ ኮንግረስ ከ2023 ጀምሮ በግድ እንዲመለስ ሕግ እየተከራከረበት ነው፤ ያቀረቡት ምክንያትም የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባትን በጥር 2016 የከለከለችው ኢትዮጵያ ይህን ክርክር ገና አልጀመረችውም። ጀርመን በ2015 መጨረሻ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎቿን ዘጋች ይባላል፣ እውነት ነው። ጀርመን ግን በየመንደሩ የማይጠፋ መብራት አላት፤ ከዘጋች በኋላ ያጣችው ጥቂት ነው።

የመብራት ወጪው? 100 ኪሎ ዋት የሚያሰራጭ ዘመናዊ መሣሪያ ከመስመር ወደ 150 ኪሎ ዋት ቢወስድ ነው። በወላይታና በዳውሮ ድንበር ላይ በኦሞ የተሠራው፣ ታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ሙሉ አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ማሰራጫው የሚወስደው ከዚያ ከ10 ሺህ እጅ አንዱን አያህልም። ከግድቡ ማዶና ወዲህ ያለው ገበሬ የሚሰማው ሬዲዮ ከግድቡ መብራት ቢሠራ የሚከፈለው ዋጋ በሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። የገበሬው ተቀባይ ደግሞ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው የሚፈልገው፤ ዳይናሞ ያለው ከሆነ ያንንም አይፈልግም።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ሌላ ምክንያት አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች፤ ሌሎች ተቋማት ወደ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራትና ጂንካ ተከፋፈሉ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ከተሞቹ የተራራቁ ናቸው፣ ቋንቋዎቹ ብዙ ናቸው። አንድ ማማ ብዙ ቋንቋ በየሰዓቱ ቢያሰማ፣ ጠዋት ወላይትኛ፣ ቀጥሎ ጎፍኛ፣ ቀጥሎ ጋሞኛ፣ ማሰራጫው ስንት ቋንቋ እንደሚናገር ግድ የለውም። በኤፍኤም ይህን ለማድረግ በየሸለቆው አንድ ማማ፣ በየማማው አንድ ጄኔሬተር፣ በየጄኔሬተሩ አንድ ጠባቂ ይጠይቃል።

ሬዲዮ ተራራ አያቆምም። በገዜ ጎፋ የመጀመሪያው ናዳ ማንም ሳያውቅ ነው የወረደው። ከሁለተኛው በፊት ግን ሰዓታት ነበሩ፤ በነዚያ ሰዓታት "ከገደሉ ሥር አትሰብሰቡ፣ የተቀበረውን የሚያወጣ ከላይ የሚጠብቅ ሰው ያቁም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሚገባ ቋንቋ ቢሰማ ስንት ሰው እንደሚተርፍ መቁጠር አይቻልም። የሚቻለው ዓረፍተ ነገሩ የሚሄድበትን መንገድ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

መንገዱን የሚያዘጋጅ ሰው ቢኖር አንድ የተለመደ ስህተት ሊሠራ ይችላል። ኤፍኤም የለመደ መሐንዲስ ማማውን ወደ ዳሞታ ጫፍ ይወስደዋል፤ ለመካከለኛ ሞገድ ግን ተራራው ከሁሉ የከፋ ቦታ ነው። ደረቅ አለት ላይ የቆመ ማማ ጉልበቱን ከመላኩ በፊት በእግሩ ሥር ያቃጥላል። መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ላይ ተመሥርተው ከማማው ዙሪያ 120 የመዳብ ሽቦዎችን እንደ ጮራ መሬት ውስጥ መቅበርን ለምደዋል፤ ሞገዱ እግሩን የሚያሳርፍበት ምንጣፍ ነው። የሚመረጠውም ቦታ ዝቅ ያለ፣ እርጥብ፣ ሸክላማ አፈር ያለው ነው። ወላይታ በዚህ ሀብታም ናት፤ በባዶ እግር ለሚሄድ ገበሬ እግር የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣው ቀዩ እሳተ ገሞራ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ከድንጋይ ይልቅ ሞገድን ያስተናግዳል። ከሁምቦ ወደ አባያ ዳርቻ የሚወርደው ሜዳ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። 90 ሜትር ያህል የሚቆም ብረት፣ ሽቦው የሚቀበርበት ጥቂት ሄክታር፣ አጥርና አንድ የመብራት መስመር ይበቃዋል። ፍሪኩዌንሲውም አዲስ የሚለመን አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በተደረገው ስምምነት የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ አገሮች የመካከለኛ ሞገድን ቦታ በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ተካፍለውታል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ኢትዮጵያም የራሷ መስመሮች አሏት።